4 ቴራ ገዝቼ 3.63 ያገኘሁ ለታ

ብዙዎቻችሁ እንደኔ ካሜራ አንጠልጥላችሁ ጣና ዳር የምትዞሩ ናችሁ። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ፎቶ ሳይሆን ፎቶው ስለሚቀመጥበት ነው። የዲስክ ቦታ መለኪያዎቹን ጊጋና ቴራ በጭንቅላቴ መመንዘር መለማመድ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ።

የተጀመረው በጠብ ነው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያነሳኋቸው የፔሊካንና የታንኳ ፎቶዎች ላፕቶፔን ሞልተው መተንፈሻ አሳጡት። ብር አጠራቅሜ ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስሰካው ዊንዶውስ 3.63 ቴራ አለኝ። ያውም ባዶውን! ሳላድር ሱቁ ተመለስኩ። «ወንድሜ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያሳየው» አለኝ ልጁ ተረጋግቶ። መረጋጋቱ ጭራሽ አናደደኝ። የመለስኩለትን አልጽፈውም።

በማግስቱ ያንኑ ዲስክ በጓደኛዬ ማክ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። ቁርጥ 4 ቴራ።

ነገሩን ሳታውቀው ያስረዳችኝ እናቴ ናት። ገበያ ወጥታ «ቁናው በክምሩ ነው ወይስ ተጠርጎ?» ሳትል ዋጋ አትከራከርም። ስሙ ያው ቁና ነው፤ የሚገባው እህል ግን ይለያያል። ዲስክ አምራቾች ቴራ የሚሉት ድፍን 1,000,000,000,000 ባይት ነው፤ በየደረጃው (ኪሎ፣ ሜጋ፣ ጊጋ፣ ቴራ) በ1000 እየተባዛ የሚሄድ። ዊንዶውስ ግን በ1024 ይቆጥራል። ማክም ድሮ እንደዚያው ነበር፤ ወደ 1000 የዞረው በ2009 በወጣው ስሪቱ ነው። ለ1024ቱ አቆጣጠር ደግሞ በ1998 የራሱ ስም ወጥቶለታል፦ ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት፣ ቴቢባይት። (ጊቢባይትን ሳነብ ትዝ ያለኝ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ነው።) ዊንዶውስ በዚህኛው እየቆጠረ ስሙን ግን ጊጋና ቴራ ይለዋል። ያጣላን እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስህተት ይህ ነው። ልዩነቱ 1000 ለ1024 ከሆነ ብዬ አንዴ ብቻ አካፈልኩ። 3.9 መጣ። ዊንዶውስ ደግሞ 3.63 ይላል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ካልኩሌተር ከባይት ጀመርኩ። 4,000,000,000,000 ለ1024 ሲካፈል 3,906,250,000 ኪሎ። እንደገና፣ 3,814,697 ሜጋ። እንደገና፣ 3,725 ጊጋ። አራተኛው ላይ 3.638 ቴራ። ብቻዬን ሳቅኩ። ለካ ልዩነቱ በየደረጃው ይደራረባል፦ ኪሎ ላይ 2.4 በመቶ፣ ሜጋ ላይ 4.9 ገደማ፣ ጊጋ ላይ 7.4፣ ቴራ ላይ 10 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

አሁን ካልኩሌተር አላወጣም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጊጋ ከሆነ በ0.93፣ ቴራ ከሆነ በ0.91 አባዛለሁ። ባለ 64 ጊጋ ሜሞሪ ወደ 59.6 ይመጣል። ባለ 1 ቴራው 931 ጊጋ ነው።

ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ታዲያ ቦታ ጠፋብኝ ማለት ነው? አልጠፋም። ባይቱ ያው ነው። የሚጎዳው ማደባለቅ ነው። የኔ አንድ ፎቶ ዊንዶውስ ላይ 25 ሜጋ ገደማ ነው። ዲስኩን በ1000 ቆጥሬ 160,000 ፎቶ ይይዛል ብዬ ነበር። ሁለቱንም በ1024 ስቆጥር 152,587 ሆነ። ከ7,000 በላይ ፎቶ በወረቀት ላይ ብቻ ነበረኝ።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 20 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ነው። 400 ጊጋ ፎቶ ልጫን ብል፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ 44 ሰዓት። ትቼዋለሁ።

ይልቅ መጠባበቂያ ሁለተኛ ዲስክ ልገዛ ባለፈው ሳምንት ያው ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ ፊቱ ተቀየረ። ባለ 2 ቴራውን አንስቼ «ይሄ 1.81 ነው የሚለው፣ አይደል?» አልኩት። ሰክቶ አሳየኝ፤ 1.81። ይቅርታም ጠየቅኩት። ዋጋ ግን አልቀነሰልኝም።