የአባቴ ፈረስ ገጣባ

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደጌ በቴሌግራም ድምፁን ላከልኝ። «ጀርመን ገብተህ ፈረስ ትጋልባለህ አሉ። ከብረሃል ማለት ነው! እኛንም ጎትተን እንጂ፤ ፈረስ እንደሆነ ከናንተ ቤት ጀምሮ አብረን ነው ያደግንበት» ይላል። አልፈረድኩበትም። እኔም ስመጣ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። በሁለት ደቂቃ ድምፅ የሚመለስ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍለት።

የአዊ ልጅ ነኝ። ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ አያቴም አባቴም አባል ሆነው ኖረዋል። የዓድዋን ዘማቾች ከነፈረሶቻቸው የሚያስብ ማኅበር ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያለ በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ልጅ ነኝና፣ ፌርደን አካባቢ የፈረስ ጋጥ ሠራተኛ ይፈለጋል ሲሉኝ አላመነታሁም። ፌርደን በሃኖቨር ፈረሶች የታወቀች የሰሜን ጀርመን ከተማ ናት፤ የፈረስ ሙዚየም ሳይቀር አላት። «ፈረስ አውቃለሁ» አልኳቸው። መንሽ ሰጡኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፋንድያ ስዝቅ ከረምኩ። ሥራው አላሳፈረኝም፤ አባቴ ቤትም ዝቄያለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ የፈረሶቹን ፓስፖርት ደርድረው አየሁ። አዎ፣ እዚህ እያንዳንዱ ፈረስ ፓስፖርት አለው፤ አንገቱ ውስጥም መለያ ቺፕ ይቀበርለታል። እኔ ያኔ የመኖሪያ ፈቃዴን መልስ እየጠበቅኩ ነበር። የአንዷን ዳማ ባዝራ ፓስፖርት ይዤ ብዙ ቆየሁ። በኋላ ደግሞ እዚያው ፓስፖርት ላይ ፈረሱ የሚታረድ ይሁን የማይታረድ ተብሎ እንደሚሞላ ነገሩኝ። ዳማዬን ሄጄ አንገቷን አቀፍኩ። የማይታረድ ተብሎ ተሞልቶላት ነበር።

በአራተኛው ወር የጋጡ ባለቤት ዳማዋን እንድጋልብ ፈቀደችልኝ። እዚያ ቤት አሠልጣኟም እሷው ናት። ኮርቻ ላይ ስወጣ እግሬ አያቴን ፈለገ። አያቴ በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ በእርካቡ ቀለበት አስገብተው ነበር የሚጋልቡት፤ እኔም እንደሱ ነው የለመድኩት። እዚህ ግን ወፍራም ቦት ጫማ ነው፤ «ተረከዝ ወደ ታች!» ነው። ልጓሙን እንደ ጉግስ ሳብ ሳደርገው ዳማዋ ራሷን ወደ ሰማይ ወረወረች። ሴትዮዋ አስቆመችንና አወረደችኝ። የባዝራዋን ከንፈር ገልጣ ጣቴን አስገባች። በፊት ጥርስና በመንጋጋ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ። ልጓሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ድዱ ቀጭን ነው፤ ከሥሩ አጥንቱ ይዳሰሳል። ዕድሜ ልኬን ልጓም ስስብ ኖሬ እዚያ ቦታ ጣቴን አስገብቼ አላውቅም ነበር።

ይህንንም ቻልኩት። እስካሁን የሚከነክነኝ የፎቶው ነገር ነው።

ማንነቴን ላሳያት ብዬ የአባቴን ፈረስ የቡላን ፎቶ ከስልኬ አወጣሁ። በመጀመሪያው ላይ ቡላ ለበዓሉ ተሸልሟል። ግላሱ ቀይ ነው፤ ልጓሙ ያበራል። «እንዴት ያምራል!» አለች። ደስ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ያው ፈረስ ማለዳ ያለ ኮርቻ ቆሟል፤ አባቴ ጋማውን ይዟል። ስልኬን ተቀበለችኝና በሁለት ጣቷ አጎላችው። ትከሻው ላይ፣ ጋማው የሚያልቅበት ቦታ፣ ሁለት ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት። ልጅ ሳለሁ «የጊዮርጊስ ጣት የነካው ነው» እንባባል ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ «ኮርቻው ይቆርጠዋል፤ ቆስሎ የዳነ ቦታ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚበቅለው» አለችኝ። ገጣባ ነው ማለቷ ነው። አህያ ላይ ሳየው የማዝንለት ገጣባ አባቴ በሚኮራበት ፈረስ ላይ ነበር፤ እኔም ለዓመታት ስስመው ኖሬአለሁ። አፌን ዘጋኝ።

እነሱም ግን ፍጹም አይደሉም፤ ይህንንም በግልጽ ነገርኳት። ፈረሳቸውን ብርድ ልብስ ያለብሱታል፣ የጥርስ ሐኪም ይጠሩለታል፤ ከዚያ ክረምቱን አብዛኛውን ሰዓት ብቻውን ፍርግርግ ውስጥ ይዘጉበታል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ቢለቁት በቀን እስከ 16 ሰዓት እየተራመደ ይግጣል። እዚያ ጋጥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ አንድ ፈረስ አለ። የእኛ ሜዳ ላይ እንደዚያ ሲሆን ያየሁት ፈረስ የለም። ቡላ ገጣባ አለው፤ ግን ከእናቱና ከጓደኞቹ ጋር እየጋጠ ነው ያደገው። ሴትዮዋ አልተከራከረችኝም። ከዚያ በኋላ ዳማዋ ከሌላ ባዝራ ጋር ሜዳ መዋል ጀመረች።

መግባባታችን የመጣው ልጓሙን ካላላሁ በኋላ ነው። አንድ ቀዝቃዛ ማለዳ ላይዋ ሆኜ ሳላስበው በአገውኛ አወራኋት። የግራ ጆሮዋ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ዝም ስል ወደ ፊት ተመለሰ፤ ሳወራ እንደገና ዞረ። በዚህ አገር ቋንቋዬን ቆሞ የሰማኝ የመጀመሪያው ፍጡር እሷ ናት። እንባዬ መጣ።

እና ወንድሜ፣ መምጣት ካማረህ «ፈረስ አውቃለሁ» ብለህ አትምጣ። ቋንቋውን አገር ቤት ጀምር። እዚህ የፈረስ ሙያ 3 ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ እየተማርክ ይከፈልሃል፣ ስትጨርስም ሰው ሆነህ ትቆጠራለህ። ያለ ውልና ያለ ኢንሹራንስ ጋጥ እንዳትገባ። እኔ ከዚህኛው በፊት በነበርኩበት ቤት ያለ ውል ሠርቼ፣ ፈረስ እግሬን ረግጦኝ፣ የሐኪም ዕዳ ተሸክሜ ነው የወጣሁት። 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ቀልድ የለውም።

አባቴን ደውዬ ስለ ኮርቻው ነገርኩት። «አባባ፣ ከትከሻው በላይ ክፍተት ይተዉለት፤ ሁለት ጣት ይግባ» አልኩት። ስልኩ ዝም አለ። ተቆጣ ብዬ ፈራሁ። ቆይቶ፣ «ያቺ ያንተዋ፣ ስታናግራት ጆሮዋ ወዴት ነው?» አለኝ።

«ወደ እኔ» አልኩት።

«እንግዲያስ ነገ ኮርቻ ሠሪው ጋ እወርዳለሁ» አለና ዘጋው።