ዓለም ሰላም ሆነ እንዴ?

ስልክ ጠጋኝ የሰው ገበና ያያል ይባላል። እኔ የሰው ፎቶም መልእክትም አልከፍትም። ስክሪን ከቀየርኩ በኋላ ግን ታቹና ስፒከሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ባለቤቱን ዩቲዩብ አስከፍታለሁ። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለችው ሱቄ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች የሚያዩት ለየቅል ነው። የባጃጅ ሹፌሩ ስልክ ከአርሰናል ሌላ ወሬ የለውም። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከፈረቃ የወጣችው ልጅ ስልክ ደግሞ ዓረብ አገር ስለሄዱ ሴቶች ብቻ ያወራል።

ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። የእሳቸው ስልክ ጠዋት ማታ ጦርነት ነው፤ ሰበር፣ አስደንጋጭ፣ «አሁን የደረሰን»። ባለፈው አልነሳ ብሏቸው ፎርማት አደረግኩላቸው። የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል ስለማያስታውሱ (የሚያስታውስ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም) አዲስ አካውንት ከፈትኩላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡ።

«ስማ ልጄ፣ ዓለም ሰላም ሆነ እንዴ?»

«ምነው ጋሼ?»

«የዶሮ ወጥ አሠራርና ሰርግ ነው የሚያሳየኝ። ዜናውን የት አደረስክብኝ?»

የሚያስታውሰው ስልኩ ሳይሆን አካውንቱ መሆኑን አስረዳኋቸው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮ ሲመርጥልን ከተነካበት ብዛት ይልቅ ሰው የቆየበትን ጊዜ ያያል። ወደነው ይሁን ፈርተን ወይም ተናደን የቆየነው፣ ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኩባንያው የምርት ክፍል ኃላፊ እንደተናገሩት፣ ሰው ዩቲዩብ ላይ ከሚያጠፋው ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ኩባንያው መርጦ ባቀረበለት ቪዲዮ ላይ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ታዲያ የመረጥኩት እኔው ነኝ በለኛ!» አሉ።

ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፌስቡክ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ተጠቃሚዎችን አጥንተው፣ ሰው የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ እንዳያይ ፌስቡክ ጽሑፎቹን ከሚደረድርበት መንገድ ይልቅ የራሱ ምርጫ እንደሚከለክለው ጽፈዋል። አጥኚዎቹ የድርጅቱ ሰዎች መሆናቸው ባይረሳም፣ በጋሼ ግን አይቼዋለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጦርነታቸውን ራሳቸው ፈልገው መልሰው አገኙት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ጭራሽ ለመፈለግ የማያስበው ነገር ነው። ረዳቴ የሲዳማ ልጅ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ስልኩ በጉዱማሌ አደባባይ ጭፈራ ይሞላል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ የሚከበርበትም ዋና ቦታ እዚሁ ሐዋሳ ሆኖ ሳለ፣ የእኔ ስልክ አንዲት ቪዲዮ እንኳ አላመጣልኝም። በዚያ ሰሞን ያሳየኝ የነበረው የስልክ ቦርድ የሚበይድ አንድ ህንዳዊ ነው። በሲዳሙ አፎ አንድ ቃል ጽፌ ስለማላውቅ፣ ስልኬ ቋንቋውን የሚናገር ጎረቤት ያለኝ አልመሰለውም።

ልጅ ሆነን በቴሌቪዥን የአማርኛውን ፕሮግራም ስንጠብቅ በዚያው በአንዱ ጣቢያ የኦሮምኛውም የትግርኛውም ይቀርብ ነበር። ወደን አልነበረም የምናየው፤ ሌላ የሚቀየር ጣቢያ አልነበረም። ሆኖም ቃሉ ባይገባን የዘፋኞቹን መልክ ለየን፣ ዜማውንም ያዝን። ቴሌቪዥኑን አላሞግስም፣ የመንግሥት ወሬ ብቻ ነበር። ግን ምን እንደምንወድ ማንም አልጠየቀንም፤ እሱ ነው ጥቅሙ።

ደንበኞች መፍትሔውን ይጠይቁኛል። ዩቲዩብ ላይ የእይታ ታሪክን አጥፍታችሁ የቆየውንም ብትሰርዙ፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ የፊት ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ሰብስክራይብ ያደረጋችሁትን ወይም ራሳችሁ ጽፋችሁ የፈለጋችሁትን መክፈት ነው። አውሮፓ ውስጥ ትልልቆቹ መተግበሪያዎች የተጠቃሚውን ማንነትና ልማድ ሳያዩ ቪዲዮና ጽሑፍ የሚደረድሩበትን አማራጭ እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። እኛ ዘንድ ሕጉ አይደርስም፣ ቅንብሩን ራሳችን መነካካት ነው።

ሱቃችን ውስጥ ደግሞ ሌላ ዘዴ አምጥተናል፤ እስከ ምሳ ከስፒከሩ ጋር የሚገናኘው የረዳቴ ስልክ ነው፣ ከምሳ በኋላ የእኔ። የሲዳምኛ ኮሜዲ ሲመጣ እየሳቀ ይተረጉምልኛል፤ ግማሹ ቀልድ መንገድ ላይ ይቀራል። በእኔ ተራ ግን ኢርፎኑን ጆሮው ላይ ይሰካል። ህንዱን ሰውዬ አልቻልኩትም ይላል።