ሰዓቱን ያስጀመርኩት ከተሳሳተ ቀን ነበር

ከትልቁ አንጀት ወደ ሳንባ የተሰራጨ ካንሰር በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ ታካሚው ስንት ዓመት ይኖራል? ይህን የሚገምት ሞዴል ልሥራ ብዬ ስነሳ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ዳታው አለ፣ የመኖር ጊዜን ከተለያዩ ምልክቶች ጋር የሚያያይዘውን ኮክስ ሪግሬሽን የተባለ የስታቲስቲክስ ዘዴ አውቃለሁ፤ ሌላ ምን ቀረ?

መነሻ አላጣሁም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 25 ጥናቶችንና 2925 ታካሚዎችን ያጠቃለለ ትንተና አራት መጥፎ ምልክቶችን ለይቷል። ሳንባ ላይ ያለው ዕጢ ከአንድ በላይ ሲሆን፣ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ሲል፣ ካንሰሩ የደረት ንፍፊቶችን ሲነካ፣ ከአንጀቱ ሕክምና በኋላ ሳንባ ላይ ለመታየት ሳይቆይ ሲቀር። አራቱንም አስገባሁ።

ውጤቱ አስፈነጠዘኝ። ሞዴሉ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳየው ሲ-ኢንዴክስ የሚባለው መለኪያ 0.5 ሲሆን ሳንቲም እንደመወርወር ነው፤ 1 ሲሆን እንከን የለሽ። የእኔ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

አንድ ማታ ኤክሴሉን መስመር በመስመር ስመለከት አንዲት ታካሚ ላይ ዓይኔ ቆመ። አንጀቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ከአራት ዓመት በኋላ ሳንባዋን ሆነች፤ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። የእኔ ሰንጠረዥ ግን አምስት ዓመት ገደማ ኖራለች ይላል። ለካ ቆጠራውን የጀመርኩት ከአንጀቱ ቀን ነው! በእነዚያ አራት ዓመታት መሞት አትችልም ነበር፤ ብትሞት ኖሮ ለሳንባ ኦፕራሲዮን ስለማትደርስ ዝርዝሬ ውስጥም አትገባም። ይባስ ብሎ ያው አራት ዓመት «ሳይታይ የቆየበት ጊዜ» ተብሎ መተንበያም ሆኗል። ፈተናውን ከነመልሱ ነው የሰጠሁት። ሰዓቱን ከሳንባው ኦፕራሲዮን ቀን ሳስጀምር ያ ያማረ ቁጥር ሟሸሸ።

የንፍፊቱም ነገር ከዚሁ አይርቅም። ካንሰር እንዳለበት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ተወስዶ ሲመረመር ነው። ሞዴሉን ያሰብኩት ደግሞ «ኦፕራሲዮን ላድርግ ወይስ ልተው?» ለሚል ሐኪም ነው። ያልደረሰበትን መረጃ እየጠየቅሁት ነበር። ስለዚህ ሁለት ሞዴል ሠራሁ፤ አንድ ለበፊት፣ አንድ ለበኋላ።

ሲኢኤውንም 5 ላይ ቆርጬ ከፍተኛና ዝቅተኛ ብዬው ነበር። እንዲህ ሲደረግ 5.1 እና 200 እኩል ይሆናሉ። ኋላ ቁጥሩን በሎጋሪዝም እንዳለ አስገባሁት። ለአንድ መተንበያ ቢያንስ 10 ሞት የሚለውን የተለመደ መመዘኛ ሳሰላ ደግሞ የወደድኳቸውን መተንበያዎች ግማሽ ጣልኩ። አናደደኝ፣ ግን ትክክል ነበር።

ሲያልቅ ለአንድ ቀዶ ሐኪም ወዳጄ አሳየሁት። አየት አደረገና «እሺ፣ ታካሚው ኦፕራሲዮኑ ባይሠራለትስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ሞዴሌ የሚያውቀው የተሠሩትን ብቻ ነው፤ እነሱም ገና ከመነሻው ደህና ናቸው ተብለው የተመረጡ ናቸው። ፑልሚክ የተባለው ሙከራ 93 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ሲከታተል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከተሠሩት 36 በመቶ፣ ካልተሠሩት 30 በመቶ ገደማ ሆኑ። ሰዉ ጥቂት ስለነበረ ልዩነቱ እውነት ይሁን አጋጣሚ አልለየም። ግን ካልተሠሩት 5 በመቶ እንኳ አይተርፉም ተብሎ ሲታሰብ ነበር የኖረው።

አሁን ከሞዴሉ አናት ላይ አንድ መስመር አለ፦ «ኦፕራሲዮን ለተወሰነላቸው ብቻ፤ ለመወሰን አይደለም።»