ከብርዱ ነፋሱ ይብሳል

አይስላንድ የበጋን መግቢያ በሕዝብ በዓልነት ታከብራለች። በዓሉ ምንጊዜም ሐሙስ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 11 እስከ 17 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። የጥንቱ አቆጣጠራቸው ዓመቱን በጋ (የሙቀቱ ወራት) እና ክረምት (የብርዱ ወራት) ብሎ ለሁለት ይከፍለው ነበርና ለጸደይ ቦታ አልተወለትም። እኔም ከስቶክሆልም ተነሥቼ ለዚሁ በዓል ደረስኩ። ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ላይ በረዶ እየጣለ ነበር። ልጆች ባንዲራ ይዘው የማርሽ ሙዚቀኞችን ይከተላሉ፤ በአየሩ ቅር የተሰኘ አንድም ወላጅ አላየሁም።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት፣ እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር። በዋዜማው ምሽት አንድ ሳሕን ውሃ ደጅ አኑረው ተኝተዋል። በማለዳ ጠርተው አሳዩኝ፤ ውሃው ላይ እንደ መስኮት መስተዋት የሳሳ በረዶ ተጋግሯል። በጣታቸው ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። በዚያች ሌሊት ውሃ በረዶ ከሠራ መጪው በጋ መልካም ይሆናል ይባላል።

ስለ አገሩ ብርድ የሚወራው ግን ከእውነቱ ይበልጣል። የሬይክያቪክ የጥር አማካይ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የውቅያኖስ ሞገድ ደሴቲቱን ከከፋው ብርድ ይጋርዳታል። በሐምሌም አማካዩ ከ11 ወይም ከ12 ዲግሪ አይዘልም። የአዲስ አበባን የሐምሌ ማለዳ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም።

ጉዱ ነፋሱ ነው። ከአትላንቲክ የሚነሡት ዐውሎ ነፋሶች መንገዳቸው በዚያው በኩል ስለሆነ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይደርሳል። የአየር ትንበያ ስመለከት ዲግሪውን ትቼ የነፋሱን ቁጥር ማየት ጀመርኩ። የሚጽፉት በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚነፍስ ነው፤ 20 ካለ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ከከተማ አለመውጣት ይሻላል። መኪና ያከራየኝ ወጣት ስለ ሞተሩም ስለ ነዳጁም ምንም ሳይለኝ ስለ በሩ ብቻ አጥብቆ ነገረኝ፦ «አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙረህ አቁም፤ በሩን በሁለት እጅህ ይዘህ ክፈት። ነፋስ ለገነጠለው በር መድን አይከፍልልህም።» ቀልድ አልነበረም።

በደቡቡ ጠረፍ ቪክ ከምትባል መንደር አጠገብ ባለው የሬይኒስፍያራ ባሕር ዳርቻ ውሽንፍሩ ጥቁር አሸዋ ቀላቅሎ ፊቴን ገረፈው። ዝናቡ አግድም ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ካያችሁ እንግዳ መሆኑን እወቁ። እዚያ ባሕሩን ጀርባ መስጠት አይገባም፤ ጸጥ ካለ በኋላ ድንገት ረጅም ማዕበል ወጥቶ ሰው ይወስዳል፤ የሞቱም አሉ። ጥጥ ልብስ ከረጠበ አይጠቅምም፤ ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ካፖርት ይበቃል። ጋቢው ለቤት ይቆይ።

መቼ ይኬዳል ለሚለኝ፣ እኔ የምመርጠው የነሐሴን መጨረሻና የመስከረምን መጀመሪያ ነው። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ እንቅልፍ ይሸሻል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ብርሃኑ ከአራት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ መንገድም ይዘጋል። በመሃል አገሩ ተራሮች የሚያልፉት ጥርጊያ መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ በፊት አይከፈቱም። በነሐሴ መጨረሻ ግን መንገዱም ገና ክፍት ነው፤ ሌሊቱም ስለሚጨልም የሰሜኑ የሰማይ ብርሃን መታየት ይጀምራል።

የዋና ልብስ ግን በየትኛውም ወር ያዙ። ከምድር በሚወጣ ሙቀት የሚሞቁት የከተማ መዋኛዎች አብዛኞቹ ጣሪያ የላቸውም፤ ሰው አንገቱ ድረስ ፍል ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ጠጉሩ ላይ በረዶ እየተከመረ፣ ስለ ነገው ነፋስ ይጨዋወታል። ከመግባት በፊት በጋራ መታጠቢያ ራቁትን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ተቆጣጣሪም አለ። ይሉኝታ የሚበዛበት ሰው አስቀድሞ ይምከርበት።