የ1952 እንቁጣጣሽ ሮኬት በካርቶን

ነገሩ የጀመረው በቀን መቁጠሪያ ነው። የሶቪየቶቹ የጨረቃ መንኮራኩር ሉና 2 የተወነጨፈችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1959 መሆኑን አነበብኩና እንዲያው ለጨዋታ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። የ1951 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 1952 ላይ አረፈልኝ። ሰዓቱም ያኔ ከሞስኮ ጋር አንድ ስለነበር ሒሳብ አላስፈለገውም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ። እዚህ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ወንዶች ልጆች የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ፣ እዚያ ባይኮኑር፣ የሶቪየቶቹ ማስወንጨፊያ ጣቢያ፣ 390 ኪሎ የምትመዝን መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ተነሣች ማለት ነው። በማግሥቱ እኩለ ሌሊት ላይ ጨረቃን መታች። ከሰው እጅ ወጥቶ ሌላ የሰማይ አካል ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ዕቃ እሷ ናት።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «ታዲያ ለዘንድሮ እንቁጣጣሽ እንሥራታ፣ ጋሽዬ» አለችኝ። ሰባተኛ ክፍል ናት። እሺ አልኩ። ሦስት ሳምንት ይበቃል ብዬ ነበር፤ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ።

መጠኑን 1 ለ 50 አደረግነው። ዕቃው ወፍራም ወረቀት፣ ካርቶን፣ ኮላ፣ ምላጭ፣ ስቴኪኒና ያለቀ የስክሪፕቶ ቀፎ ነው። ሮኬቷ ከታች ከዳር እስከ ዳር 10.3 ሜትር ስለሆነች የእኛዋ 20 ሴንቲ ተኩል ገደማ ትይዛለች። መሐለኛውን አካል የከበቡት አራት የጎን ክፍሎች እያንዳንዳቸው 38 ሴንቲ ናቸው። መንኮራኩሯ ግን ክብ ሆና አንድ ሜትር የማትሞላ ስለነበረች ሁለት ሴንቲ የማትደርስ ዶቃ ትበቃታለች። ልጅቷ ዶቃውን ካርቶኑ አጠገብ አድርጋ «ይሄ ሁሉ ለዚች?» አለች። አዎ፣ 280 ቶን ገደማ ሮኬት ለዚች።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የተሠራው ካርቶን ሳልቆርጥ ነው። ሉና 2ን ያወጣችው ሮኬት መለያዋ 8ካ72 ነው፤ ሥዕሏን ፈለግሁና ሞስኮ ቪዲኤንኤች በሚባለው የኤግዚቢሽን ግቢ ውስጥ የቆመችውን ሮኬት አገኘሁ። ከየአቅጣጫው ፎቶ ስላላት ደስ ብሎኝ በሷ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ። በሶቪየት ዘመን ሌኒንግራድ የተማሩ ጎረቤት አሉኝ፤ የሩሲያኛውን ጽሑፍ እንዲያነቡልኝ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ልጄ፣ አንተ 8ካ72 ነው ያልከኝ፤ ይሄ እኮ 8ካ72ካ ይላል። መጨረሻ ላይ ያለችውን ካ አላየሃትም?» አሉኝ። ያቺ አንዲት ፊደል የተጨመረባት የመጀመሪያውን ጠፈርተኛ ጋጋሪንን ያወጣችው የቮስቶክ ሮኬት ናት። ጫፏ ላይ ለማስፈንጠሪያው ወንበር የተከፈተ ትልቅ ቀዳዳ አላት፤ እኔም ጨረቃን ልትመታ ለምትሄድ መንኮራኩር የሰው መውጫ በምላጭ ቆርጬላት ነበር። የሁለት ሳምንት ሥራ ወደ ቆሻሻ ሄደ። ፎቶ የበዛለት ነገር የፈለግኩት ነገር ነው ማለት እንዳልሆነ በካርቶን ተማርኩ። ሶቪየቶች የሮኬቷን ቤተሰብ ለዓለም ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1967 በፓሪሱ የአየር ትርዒት ነው፤ ያኔም ያሳዩት ቮስቶክን ነው።

ሰሚዮርካ የሚለውን የሮኬቷን የቁልምጫ ስም የተረጎሙልኝም እሳቸው ናቸው። የቤተሰቧ እናት የሆነችው የዋና ንድፍ አውጪው የኮሮሌቭ ሮኬት አር-7 ቁጥሯ ሰባት ስለሆነ በማቆላመጥ «ሰባትዬ» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሟ ሰባትዬ ሆነ።

ሁለተኛው ችግር የጎን ክፍሎቹን ማያያዝ ነበር። መሐለኛዋ አካል ከታች ቀጠን ትልና ወደ ላይ ስትወጣ ትሰፋለች፤ ወገቧ ላይ ትልቁን ስፋት ትይዛለች፣ 2.95 ሜትር። አራቱ ጎኖች ደግሞ እንደ ካሮት ናቸው፤ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ሹል። እኔ ከላይ እስከ ታች ኮላ ቀባሁና ለጠፍኳቸው። ኮላው ሲደርቅ ወረቀቱ ተኮማተረና ሮኬቷ እንደ ሙዝ ጎበጠች። አላቅቄ እንደገና ለጠፍኩ፣ እንደገና ጎበጠች። እውነተኛዋ እንዴት እንደምትያያዝ ለማየት የተቀመጥኩት ያኔ ነው። ለካ አይለጠፉም! እያንዳንዱ የጎን ክፍል ሹል ጫፉ ላይ ኳስ አለው፤ ኳሱ መሐለኛዋ ወገብ ላይ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባና ከሥር ወደ ላይ ይገፋታል። ከታች የሚይዙት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። ነዳጁ ሲያልቅና ግፊቱ ሲላላ ማሰሪያው ይፈታል፣ ክፍሉ ከታች ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ጫፉም በራሱ ከጎድጓዳው ይወጣል። እኛም የስቴኪኒ ጫፍ ላይ የበርበሬ ፍሬ የምታህል የኮላ ኳስ አድርገን፣ ታችኛውን በክር አሰርን። ቀጥ አለች።

ከዚያ አልቆምም አለች። ከታች ያሏት አፈሙዞች ብቻ ናቸው፤ በአምስቱ ሞተሮች 20 ትልልቅ፣ 12 ትንንሽ ማሽከርከሪያ። ትልልቆቹን ከወረቀት ጠቅልለን፣ ትንንሾቹን ከስክሪፕቶ ቀፎ ቆርጠን ነበር የሠራናቸው። ጠረጴዛ ላይ ሳቆማት ሁሉም ተጨፈለቁ። ይህኛውንም የማስወንጨፊያው ንድፍ አውጪዎች እነባርሚን ቀድመው ፈትተውት ኖሯል። ሰባትዬ ማስወንጨፊያው ላይ አትቆምም፤ ወገቧን በአራት ክንዶች ተይዛ ጉድጓድ አፍ ላይ ትንጠለጠላለች። አየር ላይ ሸክሟን የምትቀበለው በወገቧ ስለሆነ መሬትም ላይ እዚያው ተያዘች፤ ለመቆም ብለው ሥሯን አላከበዷትም። እኛም ከጫማ ካርቶን አራት ክንድ ሠርተን አንጠለጠልናት።

ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም ከመሐለኛዋ በላይ የሚቀመጠው ክፍል፣ ላይ የተሳሳትኩትን አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ከመሐለኛዋ ጋር የሚያገናኘውን ቦታ በወረቀት ደፍኜው ነበር። እዚያ ያለው ግን ክፍት ፍርግርግ ነው። የላይኛው ሞተር የሚነሣው የታችኛው ገና እየነደደ ስለሆነ እሳቱ መውጫ ያስፈልገዋል። ኬሮሲኑ፣ ማለትም የእኛ ላምባ የቅርብ ዘመድ፣ ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር ሲነድ የተደፈነ ወረቀት አያስፈልገውም። በስቴኪኒ ቀየርኩት።

ከሥሯ የሚቀመጥ ካርድም ጻፍኩ፦ «ሉና 1 የመጀመሪያ ሙከራ፣ ሉና 2 ሁለተኛ ሙከራ»። ተሳስቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1958 ብቻ ሦስት ጠፍተዋል። ሁለቱን ሮኬቶች ታንኮቻቸው እየጎደሉ ሲሄዱ የአካላቸው ንዝረትና በቧንቧው ውስጥ ያለው የግፊት መዋዠቅ እየተመጋገቡ ቀደዷቸው፤ ሦስተኛዋ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ፓምፑ ከድቷት ኃይል አጣች። እ.ኤ.አ. በጁን 1959 ደግሞ ሌላ ወደቀች። የወደቁት ስም ስላልተሰጣቸው ቁጥሩ ያታልላል፤ ሉና 2 በእውነቱ ስድስተኛዋ ናት። ሉና 1 እንኳ የተላከችው ልትመታ ነበር። የሬዲዮ ቁጥጥሩ ስለተሳሳተ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈችና ፀሐይን መዞር ጀመረች። ካርዱን ቀደድኩና እንደገና ጻፍኩ፤ የወደቁትን አራቱን በቀይ ስክሪፕቶ።

ሉና 3ን ለሚቀጥለው ዓመት አቆይተናታል። የጨረቃን ጀርባ በፊልም አንሥታ፣ ፊልሙን እዚያው ሆዷ ውስጥ አጥባ በሬዲዮ የላከች ስለሆነች የራሷ ሥራ ይገባታል።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት 3 ሰዓት ከ39 ላይ ጎረቤቴም መጥተው ሦስታችን ከበብናት። ዶቃውን ጫፏ ውስጥ የማስገባቱ ሥራ የልጅቷ ነበር። ከጣቷ ሾለከና ቄጠማው ላይ ነጥሮ ሶፋው ሥር ገባ። ተንበርክከን ብንፈልግ አጣነው። እሷ ቀና ብላ «ይቺ ሉና 1 ናት፣ ጋሽዬ» አለችና ሁለተኛውን ዶቃ ከኪሷ አወጣች።