ሳሙኤል ዋንጂሩ፦ ሩጫውና ከሩጫው ውጪ ያለው

ጎንደር ላይ ማራቶን በሚሮጡ ወጣቶች መካከል ስለ ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ስለ ሳሙኤል ዋንጂሩ ወሬ ከተነሣ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ከመነሻው ጀምሮ እንደ እብድ መሮጡና በ24 ዓመቱ ከሰገነት ወድቆ መሞቱ። ሁለቱን አገናኝተው «እንደ ኖረው ሮጠ» የሚሉም አሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል እንጂ እውነት የለውም። በዚያ ሰው ሕይወት ውስጥ ልክና መስመር የነበረው ሩጫው ነው፤ ልክ ያጣው ሌላው ነው። ይህን ያልለየ ሯጭ ከእሱ የሚወርሰው የማይሆነውን ነው። በአዘዞ ቁልቁለት ኪሎ ሜትሩን በ2፡50 (በ2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ) ወርዶ፣ ሲመለስ ዳገቱ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚቆመው ሁሉ «ዋንጂሩም እንዲህ ነበር» ይላል። አልነበረም።

ነሐሴ 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን ከቲያናንመን አደባባይ ሲነሣ በዚያ ከጧቱ 1፡30፣ በእኛ ከሌሊቱ 8፡30 ነበር። ሙቀቱ ገና በመነሻው 24 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ እየቆየ ወደ 30 ተጠጋ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአየሩን ብክለት ሰግቶ ማራቶኑን ትቶ 10 ሺህ ሜትር ብቻ የሮጠበት ኦሊምፒክ ነው። በኦሊምፒክ አሯሯጭ፣ ማለትም ፍጥነቱን ይዞ ከፊት የሚመራ ሯጭ፣ የለም። እንዲህ ባለ ሙቀት ደግሞ ልማዱ ተያይዞ እስከ 30 ኪሎ ሜትር መጠባበቅ፣ ከዚያ መጨራረስ ነበር። ካርሎስ ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ያስመዘገበው 2፡09፡21 ለ24 ዓመት የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆኖ መቆየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዋንጂሩ አንደኛ ሆኖ የገባው በ2፡06፡32 ነው። ሰዓቱ ሲተነተን እብደት የተባለው ነገር ይጠፋል። የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር 14፡52፣ 10ኛው ላይ 29፡25፣ ግማሹ ላይ 1፡02፡34። ሁለተኛው ግማሽ እንግዲህ 1፡03፡58 ይሆናል። በኪሎ ሜትር ሲካፈል የመጀመሪያው ግማሽ 2፡58፣ ሁለተኛው 3፡02 ነው። በዚያ ሙቀት፣ አሯሯጭ በሌለበት፣ መሐል ላይ እየፈጠነና እየቀነሰ ተወዳዳሪ ሲያደክም የቆየ ሰው በሁለቱ ግማሾች መካከል ያጠፋው በኪሎ ሜትር 4 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ የሚችለውን አውቆ እስከ ጫፉ የሄደ ሰው ሩጫ ነው።

የኛ ልጆች የከፈሉት ዋጋ እዚያው ይታያል። ደሪባ መርጋ አብሮት ወጣ፣ ከ35 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ቀረ። ከኋላ በራሱ ልክ የመጣው ፀጋዬ ከበደ ስታዲየም ውስጥ ደርሶ ነሐሱን ወሰደበት፤ 2፡10፡00 ለፀጋዬ፣ 2፡10፡21 ለደሪባ። ብሩን የሞሮኮው ጀዋድ ጋሪብ በ2፡07፡16 ወስዷል። ደሪባን የሚወቅስ ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል፤ ለወርቅ የሮጠው እሱ ነበር።

ዋንጂሩ ይህን የፍጥነት ስሜት ከየት አመጣው? ኅዳር 1 ቀን 1979 ዓ.ም. የተወለደው ኬንያ ውስጥ ኒያሁሩሩ ከተማ አካባቢ፣ እናቱ በችግር ያሳደገችው ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ጃፓን ሄደ፤ ሰንዳይ ከተማ የሚገኘው ሰንዳይ ኢኩዬ ትምህርት ቤት ለሩጫ ወሰደው። እዚያ ዋናው ውድድር ኤኪደን ነው፤ በአስፋልት ላይ የሚደረግ የዱላ ቅብብል ዓይነት፣ በዱላ ፋንታ ጨርቅ የሚቀባበሉበት። ሯጩ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚሮጠው፤ ከፊቱ ያለውም ከኋላው ያለውም ሩቅ ነው። ስለዚህ ሰው ተከትሎ መሮጥ ሳይሆን ልኩን በራሱ መያዝ ይማራል። በኋላም በቶዮታ ኪዩሹ ክለብ ያሠለጠነው ኮይቺ ሞሪሺታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ማራቶን ብር ያገኘው። መኝታ፣ ምግብ፣ ሰዓት፣ ልምምድ ሁሉ በሌላ ሰው የተቆረጠ ኑሮ ነበር። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራሰልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26፡17.53 የሮጠበትን ምሽት ሁሉም ያስታውሳል። በዚያው ሩጫ ሦስተኛ ሆኖ በ26፡41.75 የገባው የ18 ዓመት ልጅ ዋንጂሩ ነበር፤ የዓለም ወጣቶች ክብረ ወሰን ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮተርዳም ላይ የግማሽ ማራቶንን ክብረ ወሰን በ59፡16 ያዘ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ 58፡55 ሮጦ ነጠቀው፤ ዋንጂሩ እ.ኤ.አ. በ2007 በ58፡53 አስመለሰው፣ ብዙም ሳይቆይ ዘ ሄግ ላይ 58፡33 አደረሰው። ማራቶን የጀመረውም በዚያው ዓመት ፉኩኦካ ላይ ነው፤ በ2፡06፡39 አሸንፎ።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ኒያሁሩሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ጎንደር 2,130 ገደማ። በከፍታ ረገድ የሚጎድለን የለም። የሚጎድለን ሜዳ ነው፤ ከተማው ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወረድ ሰዓት የሚያሳየው ፍጥነት ውሸት ነው፤ የፊት ጭን ጡንቻም በቁልቁለት ተመትቶ ለሁለት ሦስት ቀን ይታመማል። ስለዚህ የማራቶን ፍጥነት የሚለማመድ ሰው አዘዞ ደርሶ በሶምሶማ ካሟሟቀ በኋላ ወደ ደምቢያ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ይጀምር። ኮሶዬና ከዚያ ወዲያ ያለው የደባርቅ መንገድ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ለረጅምና ለዝግታ ሩጫ ብቻ ነው የሚሆነው። እዚያ ፍጥነት የሚሞክር ሰው እግሩ ሳይሠራ ትንፋሹ ያልቅበታል።

በጎንደር ከፍታ የማራቶን ፍጥነት በዝቅተኛ ቦታ ከሚደረገው ከ3 እስከ 5 ከመቶ ይዘገያል። 2፡15 የሚፈልግ ሯጭ ውድድሩ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ3፡12 ይሮጣል፤ እዚህ ሲለማመድ ያው ድካም በ3፡20 ገደማ ይገኛል። በ3፡12 ካልሮጥኩ የሚል ልጅ በየሳምንቱ ውድድር እየሮጠ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ወይ ባቱ ይያዛል ወይ እንቅልፍ ያጣል።

የቤጂንጉን ዓይነት መፍጠንና መቀነስ የሚያስተምረው ልምምድ እያፈራረቁ መሮጥ ነው። ሃያ ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ሳይቆሙ፦ አንዱን ኪሎ ሜትር በ3፡10፣ ቀጣዩን በ3፡30። አሥር ጊዜ ሲደገም 66 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሆናል፤ አማካዩ 3፡20 ነው። ስህተቱ የሚገባው በፈጣኑ ኪሎ ሜትር አይደለም፣ በቀርፋፋው ነው። 3፡30 መሆን ያለበት ወደ 4፡00 ከወረደ ሰውነት እየሮጠ ማገገምን አይማርም፤ ልምምዱ ተራ የፍጥነት ድግግሞሽ ይሆናል። ስምንተኛው ዙር ላይ 3፡30ውን መያዝ ያልቻለ ሰው ፈጣኑን ወደ 3፡14 ያውርድ እንጂ ቀርፋፋውን አይንካ። ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ረጅም ሩጫ አለ።

ከ35 በኋላ የሚመጣው መቅረት ወኔ ማጣት አይደለም። ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር በማራቶን ፍጥነት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ቢያደርስ ነው፤ ሙቀት ሲጨመርበት ቀድሞ ያልቃል። መጠጡን ቤት ማዘጋጀት ይቻላል፦ አንድ ሊትር ውኃ፣ 60 ግራም ስኳር (በሾርባ ማንኪያ ልክ ልኩን አምስት)፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው። በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ስኳሩ በሊትር ከ100 ግራም ካለፈ ሆድ ውስጥ ይቆምና ያስመልሳል። በሶ ለብቻው ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ከሩጫ በኋላ፤ እየሮጡ ከጠጡት ይከብዳል። ጓደኛ በብስክሌት ይዞ ይከተል፤ በሩጫ ፍጥነት መቀበልም ልምምድ ይፈልጋል። ትልልቅ ውድድሮች ላይ የግል ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ነው የሚጠብቀው፤ ከሩቅ የሚታይ ባለ ቀለም ፕላስተር ያልጠመጠመበት ሰው የሌላውን አንሥቶ ይሮጣል።

ዋንጂሩ ከቤጂንግ በኋላ ለንደንን በ2፡05፡10፣ ቺካጎን በ2፡05፡41 አሸነፈ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የቺካጎው ሰዓት ካሊድ ካኑቺ እዚያው ለአሥር ዓመት የያዘውን የቦታውን ክብረ ወሰን በአንዲት ሰከንድ ብቻ ያሻሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ለንደን ላይ አቋርጦ ወጣ፤ ያን ያሸነፈው ፀጋዬ ከበደ ነው።

ከዚያ መስከረም 30 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቺካጎ። ዋንጂሩ ከሳምንታት በፊት ሆዱን ታሞ ነበርና ልምምዱ አልሞላም፤ ፀጋዬ ሙሉ ነበር። ፀጋዬ ደጋግሞ አፈተለከ፣ ዋንጂሩ ደጋግሞ ቀርቶ ደጋግሞ ደረሰበት። መጨረሻው አቅራቢያ ሩዝቬልት ጎዳና ላይ አጭር ዳገት አለች፤ እዚያ ዋንጂሩ አፈተለከና አለቀ። 2፡06፡24 ለ2፡06፡43። ይህን ሩጫ ቪዲዮ ላይ ለሚያይ የጎንደር ልጅ መታየት ያለበት የመጨረሻው ደቂቃ አይደለም፤ በቀረ ቁጥር ዋንጂሩ ክፍተቱን በአንድ ትንፋሽ አልዘጋም፣ ጥቂት ሜትር እያደረገ ነው የተጠጋው። በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ሰው ሲደርስ ባዶ ነው፣ መሪውም ያኔ ነው ደግሞ የሚያፈተልከው። በዚያ ድል የዓለም ታላላቅ ማራቶኖችን ተከታታይ ፉክክር ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ የአንዱ ሽልማት 500 ሺህ ዶላር ነበር።

ከዚያ በኋላ ማራቶን አልሮጠም።

የሆነው ይህ ነው። ከጃፓን ወጥቶ ኬንያ ሲመለስ ሰዓቱን የሚቆርጥለት ሰው አልነበረም። ጣሊያናዊው አሠልጣኝ ክላውዲዮ ቤራርዴሊ ልምምዱን ሊያስይዘው ሞክሯል፤ ነገር ግን ልምምድ የቀኑ ሦስት ሰዓት ነው፣ ቀሪው ሃያ አንድ ሰዓት የማንም አልነበረም። መጠጥ ገባ፣ ከአንድ በላይ ትዳር መጣ፣ በገንዘቡ ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ባለቤቱን በጠመንጃ አስፈራርቷል፣ ሕገ ወጥ መሣሪያም ይዟል ተብሎ ተከሰሰ። እሷ ክሷን ብታነሣም የመሣሪያው ክስ ግን አልተነሣም። የኦሊምፒክ ወርቅ ይህን አያለሰልሰውም፤ ቤት ውስጥ በመሣሪያ ማስፈራራት ከማንም ቢመጣ ወንጀል ነው። ግንቦት 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ኒያሁሩሩ ካለው ቤቱ ሰገነት ወድቆ ሞተ። ፖሊስ አንድ ጊዜ ራሱን አጠፋ፣ ሌላ ጊዜ አደጋ ነው አለ፤ እናቱ ደግሞ ተገደለ አለች። ከዚህ በላይ የሚያውቅ መስሎ የሚያወራ ሰው እየገመተ ነው።

መጠጡ ለሩጫ ምን እንደሚያደርግ ግን ግምት አይፈልግም። ጉበት አልኮሉን እስኪጨርስ ስኳር መልሶ ማከማቸቱን ያዘገያል፤ ከረጅም ሩጫ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጡንቻ ጥገና በሚፈልግበት ጊዜ ጥገናው ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ይመጣል ግን ጥልቀት የለውም። ቅዳሜ ማታ አረቄ የቀመሰ ሰው ማክሰኞ ልምምዱ ሲበላሽ ምክንያቱን ጫማው ላይ ይፈልጋል።

ገንዘቡም ቴክኒክ አለው። አሜሪካ ውስጥ 100 ሺህ ዶላር ያሸነፈ የውጭ አገር ሯጭ መቶ ሺህ ይዞ አይመለስም። በተለምዶ 30 ከመቶ ግብር ተቀንሶ ይቀራል፤ ማናጀሩ አብዛኛውን ጊዜ 15 ከመቶ ይወስዳል፣ ያውም ከጠቅላላው። 55 ሺህ ቀረ፤ ከዚያ ላይ አሠልጣኝ፣ አብረው የሚለማመዱ ልጆች፣ ጉዞ። ክፍያውም የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ወራት ይቆያል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ወራት ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ በሬዲዮ ስለተነገረ ዘመድ ሁሉ መቶ ሺህ ያለ ይመስለዋል፣ ሯጩም ላለማፈር ተበድሮ ይሰጣል። ገንዘቡ ሲደርስ ግማሹ የብድር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን የውጭ ውድድር የሚጠብቅ ልጅ ከመሄዱ በፊት ሁለት ሂሳብ ይክፈት፤ አንዱ ለወር ወጪ፣ ሌላው በሁለት ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ሁለተኛው ፈራሚ ደግሞ ገንዘቡን የማይፈልግ ሰው። ከቤተሰብ ማን፣ ምን ያህል፣ በየስንት ጊዜ እንደሚረዳ ድሉ ከመምጣቱ በፊት ይወሰን፤ ከድል በኋላ የሚባል «እምቢ» ጠብ ነው። የጫማ ኩባንያ ውል ከመጣ ጥቅል ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የቅነሳ አንቀጹን ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ማስነበብ ያስፈልጋል፤ ሯጭ ተጎድቶ በዓመት የተወሰነ ውድድር ካልሮጠ ክፍያው የሚቀነስበት ውል ብዙ ነው። ማናጀሩ ከሽልማት ብቻ ነው ወይስ ከጫማው ውልም የሚወስደው፣ የሚቆረጠውስ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ይህ በወረቀቱ ላይ በቁጥር ካልሰፈረ አይፈረም።