93 ከመቶ ያሳየው እርጎ

ጅማ፣ በአንድ የምግብ ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ከመርካቶ የመጣ እርጎ የደም ግፊት ኢንዛይምን «93 ከመቶ አገደ» ተብሎ በደብተር ተመዘገበ። እርጎውን ያመጡት ነጋዴ እናት ቅሉን በወይራ አጥነው፣ ወተቱን ሁለት ቀን አርግተው የሚሸጡ ናቸው። ውጤቱን ሊሰሙ ሲመጡ የጠየቁት ግን ስለ ገበያ አልነበረም። «እኔም ግፊት አለብኝ፤ ኪኒኑን ትቼ በዚሁ ብዘልቅስ?» አሉ። አንጋፋው ባለሙያ በሌላ ቀን እንዲመለሱ ለምነዋቸው ደብተሩን አነሱ።

ሙከራው የሚጠይቀው ነገር ቀላል ነው። ኤሲኢ የሚባለው ኢንዛይም አንጂዮቴንሲን 1ን ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይቀይራል፤ ሁለተኛው የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትም ይጨምራል። ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት ኪኒን የሚያግደው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። ወተት ሲረጋ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ኬዚን የተባለውን ፕሮቲን ይቆራርጡታል፤ ከቁርጥራጮቹ (ፔፕታይዶቹ) አንዳንዶቹ ኢንዛይሙ ላይ ተለጥፈው ሥራውን ያስተጓጉላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ላክቶባሲለስ ሄልቬቲከስ የተባለ ባክቴሪያና እርሾ ካረጉት ወተት ሁለቱን ታዋቂዎች ለይተው አውጥተዋል፦ ቫሊን-ፕሮሊን-ፕሮሊን እና አይሶሉሲን-ፕሮሊን-ፕሮሊን። ስለዚህ እርጎ ውስጥ አንዳች እገዳ መገኘቱ አያስገርምም። 93 ግን በዝቷል።

ወጣቷ ባለሙያ የሠራችው እንዲህ ነበር። እርጎውን በሴንትሪፉጅ አሽከርክራ አጓቱን ለየች፣ አጣራች። 50 ማይክሮሊትር አጓት፣ 150 ማይክሮሊትር ሂፑሪል-ሂስቲዲል-ሉሲን (ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ፔፕታይድ) በ100 ሚሊሞላር የቦሬት ባፈር (አሲድነት እንዳይለዋወጥ በሚይዝ ፈሳሽ)፣ ከዚያ 50 ማይክሮሊትር ኢንዛይም። 30 ደቂቃ በ37 ዲግሪ አቆይታ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አስቆመችው። ኢንዛይሙ የለቀቀውን ሂፑሪክ አሲድ በኢቲል አሲቴት ስባ፣ አድርቃ፣ በውኃ አሟሙታ በ228 ናኖሜትር ብርሃን አነበበች፤ ንባቡ ባነሰ ቁጥር እገዳው በዝቷል ማለት ነው። አጓት የሌለበት ማነጻጸሪያ 0.62፣ ባዶው (ኢንዛይሙ ያልሠራበት ቱቦ) 0.05፣ እርጎው 0.09። ከ0.62 ላይ 0.09 ሲቀነስ 0.53፤ ለ0.57 (0.62 ሲቀነስ 0.05) ሲካፈል 93 ከመቶ። ስሌቱ እንከን የለውም።

«ፒኤቹን ለክተሻል?» አሉ አንጋፋው፤ የአሲድነት መለኪያውን ማለታቸው ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል።

«አዎ ጋሼ፣ ባፈሩ 8.3 ነው።»

«የባፈሩን አይደለም የኔ ልጅ። አጓቱ ከገባ በኋላ የቱቦውን።»

ከቱቦው ጠብታ ወስደው የፒኤች ወረቀት ላይ ሲያደርጉት ከ6 በታች ሆነ። ኤሲኢ በዚህ ሙከራ ጥሩ የሚሠራው 8.3 አካባቢ ነው፤ ወደ 6 ሲወርድ ማንም ሳያግደው በራሱ ይደክማል። ባፈሩ ለምን አልተቋቋመም? ቦሬት አቅሙ የሚበረታው ወደ 9.2 ሲጠጋ ነው። በ8.3 አሲድን መቀበል የሚችለው ክፍል አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ የነበረው 1.5 ማይክሮሞል አካባቢ ነው። የእርጎው ላክቲክ አሲድ ከወተቱ ፎስፌትና ሲትሬት ጋር ሆኖ ያንን ጨርሶ ያልፋል።

ጥርጣሬው በግምት እንዳይቀር አንድ ቱቦ ጨመሩ፦ 1 ፐርሰንት ላክቲክ አሲድ በንጹሕ ውኃ፤ ወተትም ፔፕታይድም የሌለበት። እሱም ኢንዛይሙን እንደ እርጎው ጸጥ አሰኘው። እንደኛ አስተያየት ለኮምጣጣ ምግብ የዚህ ቱቦ ዋጋ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል፤ ውኃ ብቻ ያለበት ማነጻጸሪያ ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያሳይም።

ድጋሚው ሲሠራ አጓቱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በጠብታ ወደ 8.3 ተመለሰ። እዚህ ላይ አጓቱ ይደፈርሳል፤ ካልሲየም ፎስፌቱ ነው የሚዘቅጠው። ደግሞ ማሽከርከር ያስፈልጋል፣ አለዚያ ድፍርሱ ፒፔት ውስጥ ገብቶ መጠኑን ያዛባል። የተጨመረው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስንት እንደሆነም ይጻፋል፤ አጓቱን ያቀጥነዋልና። አሁን ንባቡ 0.40፣ እገዳው 39 ከመቶ ሆነ።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚያሳስት ሌላም ነገር ነበር። የላም ወተት በራሱ ሂፑሪክ አሲድ አለው፣ ባክቴሪያዎቹም ወደ ቤንዞይክ አሲድ ይቀይሩታል፤ ሁለቱም በ228 ላይ ይነበባሉ። የወይራው ጭስ ፌኖሎችም እንዲሁ። ስለዚህ እርጎው የራሱ ባዶ ያስፈልገዋል፦ ሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ከኢንዛይሙ በፊት የገባበት ቱቦ። እሱ 0.08 አነበበ፤ ያ ሲቀነስ እገዳው 44 ከመቶ ሆነ። በደብተሩ ላይ 93ቱ አልተፋቀም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ምክንያቱ ከጎኑ ተጻፈ።

ነጋዴዋ ሲመለሱ ወጣቷ ራሷ አስረዳቻቸው። 44ቱ የቱቦ ቁጥር ነው። ሁለቱ የጃፓን ፔፕታይዶች የኢንዛይሙን ግማሽ ለማገድ 9 እና 5 ማይክሮሞላር ይፈልጋሉ፤ ኢናላፕሪል በሰውነት ውስጥ ተቀይሮ የሚሆነው ኢናላፕሪላት ግን በሺህዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ያንኑ ይሠራል። በሰው ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም የታየው የግፊት መቀነስ ትንሽና የሚለዋወጥ ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ማስረጃው ለጤና መግለጫ አይበቃም ብሏል። ኮምጣጣነቱም ቢሆን ከጨጓራ አሲድ ጋር ተደባልቆ አንጀት ውስጥ አሲድነቱ ስለሚጠፋ ደም ውስጥ ያለውን ኢንዛይም አይነካም።

«እርጎዎን ይጠጡ እማማ፤ ኪኒኑን ግን አያቁሙ። ለመሆኑ ለምን ሊተዉት አሰቡ?»

«ያስለኛል ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ፣ አክታ የሌለው ደረቅ ሳል።»

የሚወስዱት ኢናላፕሪል ነበር፤ ደረቅ ሳል ደግሞ የታወቀ ጠባዩ ነው። ይህን ለሐኪም ቢነግሩ እንደ ሎሳርታን ባለ ሳል እምብዛም በማያመጣ መድኃኒት ሊለወጥላቸው ይችላል። «ኢናላፕሪል፣ ደረቅ ሳል» ብላ በወረቀት ጻፈችላቸው፤ እሳቸውም ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።